ባቡር ላይ የተጠራው የአባት ስም

አንድ ሰው ባቡር ውስጥ ተቀምጧል። በመስኮት በኩል ነው የተቀመጠው። ውጭ ይዘንባል። ስልኩን በእጁ ይዟል፤ አይደውልም፣ ወደ ኪሱም አይመልሰውም።

እንዲህ ካለ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ስልኩን ያያል፣ መስኮቱን ያያል፣ ደግሞ ስልኩን ያያል። እንዲህ ያለ ሰው መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ አለበት ማለት ነው።

ባቡሩ የእኛ አገር ባቡር አይደለም። ህንድ ውስጥ፣ ቤንጋል በሚባለው ክፍል፣ በሩዝ ማሳዎች መካከል የሚያልፍ ባቡር ነው። ሰውየው ግን የእኛ ሰው ነው። ለትምህርት ሄዶ፣ የአፈር ሳይንስ አጥንቶ ጨርሷል፤ ሊመለስ ሻንጣውን ማዘጋጀት ጀምሯል። ስሙን እንዳልናገር ለምኖኛል። የአባቱን ስም ግን እንድናገር አደራ ብሎኛል። ስለዚህ እናገራለሁ።

አባቱ ጫኔ ይባላል። ጫኔ አዝማሪ ነው። ከእብናት ወዲያ ባለው አገር ሰርግ ለሰርግ እየዞረ መሰንቆ የሚመታ፣ በዚያች በአንዲት ክር ልጆቹን ያሳደገ ሰው ነው።

ልጁ ይህን ለማንም አልተናገረም። ለምን እንዳልተናገረ እናንተም እኔም እናውቃለን። አዝማሪ ሰርጋችንን ያደምቃል፤ ልጁን ግን ለልጃችን አንፈልገውም። ስንጨፍር እንጠራዋለን፣ ስንጋባ እንዘለዋለን። ተሳሳትኩ? ከተሳሳትኩ ከስብከቱ በኋላ ስትወጡ ንገሩኝ።

ይህ ወጣት ራኬብ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ወደደ። ራኬብ አንድ ቀን «አባትህ ምንድን ነው የሚሠሩት?» ብላ ጠየቀችው። እሱም «ነጋዴ ነበር። ሞቷል» አላት።

አያችሁ? በአንዲት ትንፋሽ የአባቱን ሥራ ቀየረ፣ አባቱንም ቀበረ። ለቅሶ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ነፍስ ይማር ያለ የለ።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? እዚያ አገር ሰውን የሚጠሩት በመጨረሻ ስሙ ነው። መምህራኑ፣ የዶርሙ ዘበኛ፣ ሻይ ቤቱ ያሉት ሁሉ «ሚስተር ጫኔ» ነው የሚሉት። ሞቷል ባለው ሰው ስም ሲጠራ አቤት እያለ ነው ትምህርቱን የጨረሰ።

የዚያን ዕለት ጠዋት አባቱ ደወለ።

«ልጄ፣ ስትመለስ ሽማግሌ ልትልክ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ማንም ይበል። እኔ እሰይ ብያለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው። ልምጣ ወይስ ልቅር?»

ልጁ ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረ።

«የሚያሳፍርህ ከሆነ መሰንቆውን እቤት ትቼ እመጣለሁ። ኮት አላጣም። ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ካልጠየቁኝ አልናገርም። ቅር አይለኝም፣ እውነቴን ነው።»

«አባዬ፣ ዛሬውኑ መልሼ እደውላለሁ።»

እንግዲህ በመስኮቱ በኩል ያለው ሰው ይኸው ነው። ስልኩም ያ ስልክ ነው። ይምጣ ወይስ ይቅር? ይምጣ ካለ የዋሸው ሁሉ ይገለጣል፣ ራኬብን ሊያጣት ይችላል። ይቅር ካለ ደግሞ አባቱን ሁለተኛ ይቀብረዋል፤ አሁን ግን አባቱ እየሰማ።

ከጎኑ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኪሩቤል ነው፣ የራኬብ ወንድም። ኪሩቤልም እዚያው አገር ፋርማሲ ያጠናል። አንድ መምህራቸውን ቤታቸው ድረስ ሄደው ደኅና ይሁኑ ብለው ወደ ከተማ እየተመለሱ ነው። ኪሩቤል ተጫዋች ልጅ ነው። ኦቾሎኒ እየበላ፣ ልጣጩን በመስኮት እየጣለ፣ ሽማግሌው ገና ሳይላክ «አማቼ፣ አማቼ» ይለዋል።

ባቡሩ አንድ ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ሰው ዝናቡ እየወረደበት ገባ። ልብሱ ብዙ ቀለም ያለው ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋ ነው። ጸጉሩን ከራሱ በላይ ቋጥሮታል። በእጁ ከቅል የተሠራ፣ ከታች ቆዳ የተወጠረበት፣ አንድ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ይዟል። እዚያ አገር እንዲህ ያሉ ሰዎች ባውል ይባላሉ። ቤት ለቤት፣ መንደር ለመንደር፣ ባቡር ለባቡር እየዞሩ ስለ አምላክና ስለ ሰው ልብ ያዜማሉ። ዘፈን ልበለው ወይስ መዝሙር? እኛ ዘንድ ድንበሩ ግልጽ ነው። እዚያ ግልጽ አይደለም፣ እኔም አላሰምርላቸውም።

ኪሩቤል አየውና ሳቀ። «አማቼ፣ መጣልህ! የእነሱ አዝማሪ!»

ወጣቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እንደ ቀልድ አድርጎ «ለእንዲህ ያለ ሰው ቤት እህትህን ትድራለህ?» አለው።

«ለእሱ? ለእሱስ ከምሰጥ ለባቡሩ ሹፌር እሰጣታለሁ! እሱ እንኳ ደመወዝ አለው!»

መልሱን አገኘ አይደል? ሳይጠይቅ መልሱን የሚያውቀውን ነገር ጠየቀ፣ ተመለሰለት። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሽማግሌው ባውል ሃራዳን ይባላል። ተሳፋሪው ያውቀዋል። «ሃራዳን፣ ዛሬ ምን ይዘህልናል?» ይሉታል። መሣሪያውን አንስቶ ክሩን ነካ። ድምፅ የለም። ቆዳው ዝናብ ጠጥቶ ረግቧል። ደግሞ ነካ። እንደታመመ እንቁራሪት ጮኸ።

ባቡሩ በሳቅ ፈነዳ። አንድ ጃንጥላ የያዘ ወፍራም ሰው «ሃራዳን፣ መሣሪያህ ጉንፋን ይዞታል! ሻይ አጠጣው!» አለ። ሽማግሌው ራሱም ሳቀ። በባቡሩ ውስጥ የሚዞር አንድ ሻይ ሻጭ ማንቆርቆሪያውን የሚያሞቅባት ትንሽ የከሰል ምድጃ ነበረችው፤ «አምጣው፣ እዚህ ላይ ላስጠጋልህ» ብሎ ቅሉን ተቀብሎ ቆዳውን ወደ ፍሙ አወረደው።

«ተው! እሳት አታስጠጋው! ይሰነጠቃል!»

ማን ጮኸ? የእኛ ሰው ነው የጮኸ። በምን ቋንቋ? በአማርኛ! ከኪሩቤል በቀር ማንም በማይሰማበት ባቡር ውስጥ በአማርኛ ጮኾ፣ ዘሎ ተነስቶ፣ ቅሉን ከሰውየው እጅ ነጠቀ።

ኪሩቤል ኦቾሎኒው እጁ ላይ ቀረ። «አንተ ደግሞ ምን አገባህ?»

እሱ ግን አልሰማም። ቆዳውን በእጁ መዳፍ ከዳር ወደ መሐል ጠረገው። በደረቁ ሸሚዙ ጫፍ መጠጠው። ከዚያ ሸሚዙን ገልጦ እርጥቡን ቆዳ ራቁት ሆዱ ላይ ለጠፈው፣ ጎንበስ ብሎም አቀፈው። ሕፃን ብርድ ሲመታው እንደሚታቀፍ። አባቱ ከሰርግ ቤት ሰርግ ቤት ሲሄድ ዝናብ ከያዘው መሰንቆውን እንዲህ ነበር የሚያቅፈው። እሳት ቆዳን ያኮማትራል፣ ያሰነጥቃል፤ የሰው ገላ ግን እያባበለ ይወጥረዋል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ሲያይ ነው ያደገው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አፉ ነጋዴ ነበር፣ ሞቷል ብሏል። እጁ ግን አልዋሸም። አፋችሁን ለዓመታት ልታሰለጥኑት ትችላላችሁ። እጃችሁን ማን ያሰለጥነዋል? አቀማመጣችሁን፣ አሳሳቃችሁን፣ እንጀራ ቆርሳችሁ የምታጎርሱበትን መንገድ? ያሳደጋችሁ ሰው እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሞቷል ስላላችሁት አይወጣም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቅሉን አውጥቶ ክሩን በጣቱ መታው። ዘለግ ያለ፣ የጠራ ድምፅ ወጣ። ባቡሩ በሙሉ «ዋህ!» ብሎ አደነቀ።

ሃራዳን መሣሪያውን ተቀበለ። አልዘፈነም። የወጣቱን እጅ ያዘና ገልብጦ አየው። ከዚያም በቤንጋልኛ «ይህ እጅ የተማረ እጅ ነው። ከማን ተማረ?» አለው።

ወጣቱ ቋንቋውን ይሰማል፣ ይናገራልም። ኪሩቤል ግን ከሰላምታና ከገበያ ቃል አያልፍም።

«ምን ይልሃል?» አለ ኪሩቤል።

«ምንም። ስለ ዝናቡ ነው።»

አያችሁት? አሁንም ማምለጫ አገኘ። በሁለት ቋንቋ መካከል የቆመ ሰው ብዙ ማምለጫ አለው። እኔም ሩቅ አገር ተምሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ፣ ይህን ቦታ አውቀዋለሁ። ለአንዱ እውነቱን፣ ለሌላው ሌላውን መንገር ይቻላል። ለዓመታት ይቻላል።

ሃራዳን ግን አልተንቀሳቀሰም። እዚያ አገር ባውሎች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ዜማው ሊያልቅ ሲል፣ በመጨረሻው ስንኝ፣ ዜማው የተገኘበትን ሰው ስም ይጠራሉ። እገሌ እንዲህ ይላል፣ እገሌ ይህን አስተማረኝ ይላሉ። ስም ሳይጠሩ አይጨርሱም። ሃራዳንም «ዛሬ ይህ ክር የተናገረው በእጅህ ነው። እጅህን ያስተማረውን ሰው ስም ሳላውቅ እንዴት ብዬ እጨርሳለሁ?» አለው።

ወጣቱ «ግድ የለም ባባ፣ ዝም ብለህ ዝፈን» አለ።

«ግድ አለኝ እንጂ! መጨረሻ ላይ ስደርስ አፌን ከፍቼ ልቆም ነው?»

ጃንጥላ የያዘው ሰው «ንገረው እንጂ፣ ይዝፈንልን!» አለ። አንዲት አሮጊት «ስሙን! ስሙን!» አለች። ሻይ ሻጩም ተቀበላት። በቅጽበት ያ ሁሉ ሰው እያጨበጨበ ስም ይጠይቅ ጀመር።

አሁን አስቡት። የፈለገውን ስም ሊጠራ ይችላል። አንድ ስም መፍጠር ምን ያቅተዋል? ማን ያውቅበታል? እውነቱን ከተናገረ ግን ኪሩቤል ይሰማል። ሌላውን ቃል ሁሉ በቤንጋልኛ መሸፈን ይቻላል። ስም ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ስም ነው።

ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ኪሩቤልን አየ።

«ጫኔ» አለ።

«ጫኔ?» አለ ኪሩቤል። «አባትህ? ምንድን ነው የጠየቀህ?»

«ይህን ማን አስተማረህ ነው ያለኝ።»

«ነጋዴ ነበር አላልከንም?»

«ነጋዴ አይደለም። አዝማሪ ነው።»

ኪሩቤል ሊስቅ ፈለገ፤ የወጣቱን ፊት አየና ሳቁ ጠፋ። «ሞቷል ብለሃላ! እናቴ እኮ ነፍስ ይማር ብላለች!»

«አልሞተም። ዛሬ ጠዋት ደውሎልኛል። ሽማግሌ ስትልክ ልምጣ ወይስ ልቅር ብሎ ጠይቆኛል።»

«ምን አልከው?»

«ገና ምንም አላልኩትም።»

ኪሩቤል ፊቱን አዞረ። ሃራዳን አንድም የአማርኛ ቃል አልሰማም፤ ስሙን ግን ይዟል። መዝፈን ጀመረ። ወንዙ ሰፊ ነው አለ። ጀልባዬ ትንሽ ናት፣ ቀዛፊውን አላየሁትም፣ መቅዘፊያው ሲንቀሳቀስ ግን አያለሁ አለ። የእኛ ሰው እየሰማ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ሲነሳለት ስልኩን ወደ ሽማግሌው ዘረጋው።

ዜማው ወደ መጨረሻው ደረሰ። ሃራዳን ዓይኑን ጨፍኖ «ሃራዳን ይህን ለአምላኩ ያዜማል፤ ክሩ የተናገረው ግን በጫኔ እጅ ነው» አለ። «ጫ» አልወጣለትም፤ «ቻኔ» ነው ያለው። ባቡሩ ተቀብሎ ደገመው። «ቻኔ! ቻኔ!»

ወጣቱ ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰው።

«ማነው?» ይላል አባቱ። «ማነው ስሜን የሚጠራው?»

«የማላውቀው ሰው ነው አባዬ።»

«ምን አደረግሁለትና?»

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን የሰው ስም ሲጠራ የኖረ ሰው ነው። ጀግናው እገሌ፣ ለጋሱ እገሌ፣ የእገሌ ልጅ እያለ። ሰርግ ቤት ውስጥ የእሱን ስም ማን ጠርቶ ያውቃል? አንድ ጊዜ ቢጠራ ምን አደረግሁለትና አለ።

«አባዬ፣ ና። እንዳለህ ና» አለው ልጁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እልልታ ይበቃው ነበር። ግን የሆነውን ልንገራችሁ፤ ሁሉም ነገር ቶሎ የሚያምርበት ታሪክ አልወድም። ኪሩቤል እስከ ከተማ ድረስ አልተናገረም። ሲወርዱ «ለቤተሰቤ እኔ አልነግርም። ራስህ ትነግራቸዋለህ» አለውና ሄደ። ወጣቱ አገር ቤት ተመልሶ ራሱ ሄዶ ተናገረ። ራኬብ ክረምቱ እስኪወጣ ስልኩን አላነሳችም። አባቷ አቶ ደምሰው ደግሞ እንዲህ አሉት፦ «አባትህ አዝማሪ መሆናቸው ያጋባናል አያጋባንም፣ እሱን ቁጭ ብለን እናወራለን። አንተ ግን በቁሙ ያለ አባትህን ቀብረህ ነው የመጣኸው። ነገ ልጄን ምን ብለህ ትቀብራታለህ?»

ትክክል አይደሉም? ትክክል ናቸው።

መስከረም ሲጠባ ሽማግሌዎች ተላኩ። ከእነሱ ጋር ጫኔ መጣ። እንደ ደንቡ ሁሉም ከበሩ አጠገብ ቆመው የመጡበትን ሲናገሩ፣ አቶ ደምሰው «የልጁ አባት የትኛው ናቸው?» አሉ። ጫኔ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣና «ሞቷል የተባልኩት እኔ ነኝ» አለ።

አቶ ደምሰውን ሳቅ አሸነፋቸው። «ይቀመጡ እንጂ! የሞተ ሰው በቤቴ ቆሞ አያውቅም!» አሉ። ጫኔ ተቀመጠ፣ ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ። በዚያ ቀን ልጅቱን አልሰጡም፤ ቀጠሮ ነው የሰጡ። ከቀጠሮ በኋላ ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። ሁለቱ ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው፣ ግን በችኮላ አልሆነም፤ የተሰበረ እምነት ቀስ እያለ ነው የሚድነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

አንዳንዶቻችሁ ምን እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህ ሰባኪ የሌላ እምነት ዘፋኝ ታሪክ ለምን ያመጣብናል እያላችሁ ነው። እኔም ራሴን ጠይቄአለሁ። ሩቅ አገር የተማርኩት ብዙ መልስ ይዤ እንድመለስ ነበር፤ ይዤ የመጣሁት የበለጠ ጥያቄ ነው። እግዚአብሔር ለዚያ ልጅ ለመድረስ ለምን የእኛን አንዱን አልላከም? አላውቅም። ምናልባት እኛ ብንላክ ኖሮ እንደ ኪሩቤል እንስቅ ነበር። አንድ ነገር ግን ያለ ምንም ጥርጥር አውቃለሁ። ከማን እንደተቀበለ ሳይናገር የሚኖር ሰው፣ የሚኖረው የራሱን ሳይሆን የሌላ ሰው ሕይወት ነው።

በዚህ አዳራሽ ምስክርነት እንሰጣለን። እሁድ ለእሁድ እንሰማለን። «ጌታ አስተማረኝ፣ ጌታ አሳደገኝ፣ ጌታ ሥራ ሰጠኝ» እንላለን። አሜን እንላለን። እውነት ነው፣ ጌታ ነው። ግን በማን እጅ? አንዳንድ ጊዜ የጌታን ስም የምንጠራው የሰውን ስም ለመዝለል አይደለም? «ጌታ አበላኝ» ማለት ይቀለናል፤ «ጠላ ትሸጥ የነበረችው አክስቴ አበላችኝ» ማለት ግን ያሳፍረናል። «ጌታ አስተማረኝ» እንላለን፤ ያስተማረን ግን ከማንፈልገው ወገን የሆነ፣ የምንንቀው ሥራ ያለው፣ የማናከብረው እምነት ያለው ሰው ሊሆን ይችላል። የዚያን ሰው ስም በእግዚአብሔር ስም ሸፍነን እናልፋለን። እግዚአብሔር በስሙ የሰው ስም እንዲሸፈንበት የሚወድ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። የሰጠን በሰው እጅ ነው፤ እጁን ስንክድ ሰጪውን አከበርን ማለት እንዴት ይሆናል?

እናንተ ማንን ቀበራችሁ? በቁሙ ያለ ማንን ሞቷል አላችሁ? ለፍቅረኛችሁ ቤት፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ፣ ለልጆቻችሁ ስለ ማን ነው የምትዋሹት? ልጆቻችሁ አያታቸው ሸክላ ትሠራ እንደነበር ያውቃሉ? አያታቸው ቆዳ ይፍቅ እንደነበር ያውቃሉ? ወይስ ነጋዴ ነበሩ ብላችኋቸዋል?

ዋጋ አያስከፍልም አላልኩም። ያስከፍላል። ራኬብ ክረምቱን ሙሉ ዝም ብላለች። ዝም ትበል። አንዳንድ ነገር ከእጃችሁ ሊወጣ ይችላል። ግን አንድ ስም ዘልላችሁ የምታገኙት ነገር ሁሉ፣ ስሙ በታወቀ ቀን ይፈርሳል። እውነት የተናገራችሁበት ቤት ግን፣ ቢዘገይም ይቆማል። ይህን ስነግራችሁ አልፈራም።

አሁን አልጸልይም። ዝም እላለሁ። እናንተ አንድ ስም ጥሩ። በልባችሁ አይደለም፣ ድምፅ አውጥታችሁ፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው እንዲሰማ። የእናት ይሁን፣ የአባት፣ የእንጀራ እናት፣ የሰፈር ሰው፣ ሃይማኖቱ ከእኛ የተለየ ሰው ይሁን። አፍራችሁ የዘለላችሁት ስም ይሁን።

ማን ይጀምር?